የቢጫ ክዳኑ ውሃ

በምንሠራበት የምርምር ተቋም የሙከራ አይጦቹን የምትንከባከበውን ሴት ሁሉም «የአይጦች እናት» እያለ ነው የሚጠራት። ስሙን ማን እንዳወጣላት አላውቅም። እኔ እንደሆንኩ አይጥ ሲባል ገና ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። ሥራዬ ጠርሙስ ማጠብ ነው። የማጥብበት ክፍል ከአይጦቹ ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ በግድግዳው ላይ ዕቃ የምንቀባበልበት ትንሽ መስኮት አለ። እሷ ባዶውን ታቀብለኛለች፣ እኔ አጥቤ በእንፋሎት ቀቅዬ እመልስላታለሁ። ከመስኮቱ ወዲያ ግን እግሬ ረግጦ አያውቅም።

«ነይ ግቢ፣ አይበሉሽም» ትለኝ ነበር።

«እነሱ ባይበሉኝ እኔ በድንጋጤ ክው ብዬ እቀራለሁ። ከዚያ ጠርሙሱን ማን ሊያጥብልሽ ነው?»

«ኧረ ካንቺ የተሻለ የሚያጥብ አላጣም።»

እንዲህ እየተላከፍን ብዙ ዓመት አብረን ሠራን።

አጭር፣ እጇ ትንንሽ፣ ስትራመድ ኮቴዋ የማይሰማ ሴት ናት። አንዳንዱ ሰው አይጥ ሲያነሣ ጭራውን ይዞ ነው። እሷ ሁለት እጇን አገናኝታ ከሥሩ ታቅፈዋለች። ለልምምድ የሚመጡት ተማሪዎች ጣታቸውን ተነክሰው እየጮኹ ሲወጡ፣ እሷ አንድ ቀን ተነከስኩ ስትል አልሰማሁም። ሽታ ይረብሻቸዋል ብላ ሽቶ ቀርቶ የሚሸት ሳሙና እንኳ አትነካም። ሠርግ አብረን ስንጠራ የምሸተው እኔ ብቻዬን ነኝ። አይጦቹን «ልጆቼ» አትላቸውም፣ እንደዚያ ዓይነት ቅብጠት አታውቅም። ግን ቅዳሜ ተረኛ ባትሆንም መጥታ አይታቸው ትሄዳለች።

ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ናት። እናታቸው ስትሞት ታላቅየዋ ገና ኮረዳ ነበረች፤ ታናሽየዋ ደግሞ ግድግዳ ይዛ የምትራመድ ሕፃን። አባት ነበራቸው፣ ግን ከቀብሩ በኋላ ሥራ ልፈልግ ብሎ እንደወጣ ቀረ። ታላቅየዋ ትምህርቷን ትታ ልብስ ስፌት ገባች። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሆስፒታል ጋዋን፣ መጋረጃ፣ ያልሰፋችው ነገር የለም። ለትዳር በተጠየቀች ቁጥር «ልጅ አለችኝ» እያለች መለሰች። ታናሽየዋ «እታለም» ትላታለች፤ ታላቅየዋ ደግሞ ይህችን ፀጉሯ የሸበተ ሴት እስከ ዛሬ «ሚጡዬ» ነው የምትላት። የሚኖሩት ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ፊት ለፊት ባለው ክፍል የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፣ ጠረጴዛው ላይ የተቆረጠ ጨርቅ ተከምሯል። ከዚያ ቤት የወጣ ሰው ሁሉ ልብሱ ላይ ክር ይዞ ይወጣል።

አንድ ቀን ታላቅየዋ ከላይኛው መደርደሪያ ጨርቅ ለማውረድ እጇን ስታነሣ ጡቷ ላይ አንድ የጠጠረ ነገር ተሰማት። ብዙ ቀን ለማንም አልተናገረችም። በኋላ ሚጡዬ ደርሳበት እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደቻት። ተመረመረች፣ ካንሰር ነው ተባለ።

«ገና ትንሽ ነው» አለ ሐኪሙ። «አሁን ከወጣ ጥሩ ተስፋ አለው። ሳይውል ሳያድር ይምጡ።»

ታላቅየዋ ቤት ገብታ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። «ጨርቅ ቢሆን እኔው ቀድጄ እጥፈው ነበር» አለች። «ሥጋዬን ግን ማንም አይቀደውም።» አንዲት ደንበኛዋ ለትንሽ ነገር ብላ ቀዶ ጥገና ገብታ እንደተኛች ቀረች፣ አልተነሣችም። ከዚያ ወዲህ ቢላዋ የሚለው ቃል ሲነሣ ላብ ያጠምቃታል። ብትለመን፣ ብትመከር፣ ወይ ፍንክች።

የውሃው ምርምር ወደ እኛ ተቋም የመጣው በዚሁ ሰሞን ነው።

ምርምሩን የምትመራው ዶክተር ወጣት ናት፤ ቀጭን፣ ምሳዋን ቆማ የምትበላ፣ ለጥበቃውም ለጽዳቱም እኩል የምታስረዳ። ሁላችንንም ኮሪደሩ ላይ ሰብስባ አወራችን።

«ውሃ ሁሉ አንድ ይመስለናል» አለች። «በውሃ ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን ግን ሁሉም እኩል አይደለም። ከስድስት ሺህ ገደማው አንዱ የሌሎቹን እጥፍ ይመዝናል፤ ዲዩቴሪየም ይባላል። ይህን ከባዱን ከውሃው ስንቀንስ የሚቀረው ቀላል ውሃ ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች ካንሰር በቀላል ውሃ እንደልቡ አይራባም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ በቂ ማስረጃ የለም ይላሉ። እኛ የምንፈልገው እውነቱን ነው።»

«ከባዱን በምን ይለዩታል፣ በወንፊት?» አለ ጥበቃው።

«በማፍላትና በማቀዝቀዝ። ደጋግሞ፣ በረጅም ቧንቧ ውስጥ።»

«እኔ ቤት ደግሞ ሳይፈላም ያልቃል» አለ፣ ሳቅን።

ቀጥሎ ሕጉን ነገረችን። ዕጢ የተተከለባቸው አይጦች ለሁለት ይከፈላሉ። ግማሾቹ ቀላል ውሃ፣ ግማሾቹ ተራ ውሃ ይጠጣሉ። ውሃው የሚመጣው በጀሪካን ነው፤ ያንዱ ክዳን ቢጫ፣ የሌላው ሰማያዊ፣ የአይጦቹም ጠርሙስ እንደዚያው። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ሌላ ሕንፃ ውስጥ ያለ የስሌት ባለሙያ ብቻ ነው። ዶክተሯም አታውቅም።

«እርስዎም?» አለች የአይጦች እናት።

«እኔም። ያወቀ ሰው ያዳላል። ላዳላ ብሎ አይደለም፣ ሳይታወቀው ያዳላል።»

አንድ ሌላ ነገር አለ። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። አይጥ እስኪሞት ድረስ አይጠበቅም፤ ግፍ ነው። ጀርባው ሲጎብጥ፣ ፀጉሩ ሲቆም፣ ምግቡን ሲተው፣ ሳጥኑ ላይ ቀይ መለያ ይንጠለጠላል። ዶክተሯ መጥታ ሳይሠቃይ ታሳርፈዋለች፣ ያ ቀን የዕድሜው መጨረሻ ተብሎ ይያዝለታል። ቀዩን መለያ የምታንጠለጥለው ደግሞ የአይጦች እናት ናት። ከዶክተሯም ከተማሪዎቹም ይልቅ ቀኑን ሙሉ አብራቸው የምትውል እሷ ስለሆነች፣ ዓይኗን ያመኑት እሷን ነው።

የሆነውን ሁሉ የነገረችኝ በኋላ ነው፤ እኔም እንደነገረችኝ ነው የምነግራችሁ።

ጭራው በልጅነቱ የተቆረጠ አንድ አይጥ ነበር፣ ቢጫ ክዳን። ከጎኑ ያበጠው ነገር ለጥቂት ጊዜ አድጎ አድጎ፣ ከዚያ መጉደል ጀመረ። ስትዳስሰው ጎደለ፣ በነጋታውም ጎደለ። እንዲህ ያለ ነገር አልፎ አልፎ በራሱ ጊዜ ይከሰታል አሉ። ለእሷ ግን አልፎ አልፎ አልነበረም። እሷ የዚያን ሰሞን እህቷ ቁርሷን እየበላች «ትንሽ ወጋኝ» ባለች ቁጥር የራሷን ጉርሻ አስቀምጣ የምትነሣ ሴት ነበረች። ጭራ ቆራጣውን መዳፏ ላይ አስቀምጣ ስታየው ልቧ አንድ ነገር ወሰነ። ቀላሉ ውሃ ቢጫው ነው፣ የሚያድነውም እሱ ነው።

ውሃው በሚቀየርበት ቀን ከጀሪካኑ የተረፈው ይደፋል። እሷ ከቢጫው የተረፈውን በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ ቦርሳዋ ውስጥ መክተት ጀመረች።

«ዛሬም ውሃ ይዘሽ ትወጫለሽ?» ይላታል ጥበቃው ቦርሳዋን ሲፈትሽ። «ቤትሽ ቧንቧ የለም እንዴ?»

«የኔ ሰፈር ውሃ አይስማማኝም።»

እህቷ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ተቀብላ አሸተተችው። «ይኼ ምንም አይሸትም።»

«አዎ፣ አይሸትም።»

«መድኃኒት ከሆነ መምረር ነበረበት» አለች። ግን ጠጣችው። ሚጡዬ የሰጠቻትን እንኳን ውሃ ሬትም ትጠጣለች።

በሰዓቱ ምን እንደተፈጠረ ባላውቅም ለውጡ ይታየኝ ነበር። የአይጦች እናት ፊቷ ፈካ። ጠርሙስ ስታቀብለኝ ታንጎራጉራለች። «እታለም እንዴት ናት?» ስላት «ተመስገን፣ እየለሰለሰ ነው ትላለች» አለችኝ። ደስ አለኝ። የሆስፒታሉን መድኃኒት ጀምራ መስሎኝ ነበር። ታላቅየዋ ግን አንዱን ቀጠሮ ወደ ሌላ፣ ሌላውን ደግሞ ወደ ሌላ እያስተላለፈች ነበር። ነርሷ ስትደውልላት «እየተሻለኝ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትዘጋለች።

«ልየው እስቲ፣ ልዳስሰው» ትላታለች ሚጡዬ።

«ተይ እባክሽ፣ አፍራለሁ። ለሰለሰ አልኩሽ አይደል?»

ከመስኮቱ ወዲያ፣ እኔ በማልገባበት ክፍል፣ ነገሩ እየተበላሸ ነበር። የአይጦች እናት ክፉ ሰው ብትሆን ኖሮ ታሪኩ ቀላል ይሆንልኝ ነበር፤ አንድ ሁለት ብዬ ሰድቤያት እገላገል ነበር። አንድ ሰማያዊ ክዳን ያለው አይጥ ጀርባው ጎበጥ ሲል ወዲያው ቀዩን መለያ ታንጠለጥላለች። ምን ያደርግለታል፣ ለምን ይሠቃያል ብላ ነው። ቢጫ ክዳን ያለው ሲጎብጥ ደግሞ እጇ አይታዘዝላትም። ዛሬ ይደርና ነገ ልየው ትላለች። ደረቁን ምግብ በውሃ አርሳ በትንሽ ሳህን አጠገቡ ታስቀምጥለታለች። ለጎጆው የሚሆን ጥጥ ትጨምርለታለች። በነጋታው ቀና ሲል ትደሰታለች፣ ቀና ባይልም አንድ ቀን ትጨምርለታለች። ቢጫ ክዳን ያለው አይጥ ሲታመም የምታየው አይጥ አልነበረም፤ እህቷን ነበር። በእህቷ ላይ ቀይ መለያ የሚያንጠለጥል እጅ ከየት ይምጣ?

ውጤቱ የሚነገርበት ቀን ደረሰ። ትንሿ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን፤ እኔም ጋዋኔን አድርቄ ገባሁ፣ ከጎኗ ተቀመጥኩ። የስሌት ባለሙያው ረጅም፣ ጎንበስ ያለ፣ ሲናገር ኮርኒሱን የሚያይ ሰውዬ ነው።

«በቢጫው ወገን ያሉት አይጦች ረዘም ላለ ጊዜ ኖረዋል» አለ። «ልዩነቱም ትንሽ የሚባል አይደለም። ቢጫው ቀላሉ ውሃ ነው።»

አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ዶክተሯ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ሳቀች። የአይጦች እናት እጄን ጨበጠችኝ፣ እንዲህ ያለ ጉልበት እንዳላት አላውቅም ነበር። «ልክ ነበርኩ» አለች በጆሮዬ። «ልክ ነበርኩ እኮ!» ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

«አንድ የገረመኝ ነገር አለ» ብሎ ቀጠለ ሰውየው። «የዕጢውን መጠን በየጊዜው ስትለኩ ነበር። በመጠን በኩል ሁለቱ ወገኖች እምብዛም አይለያዩም። አንድ ጭራ የሌለው አይጥ አለ፣ እሱ ለብቻው ነው። የሌሎቹ ዕጢ ያው ነው፤ ዕድሜያቸው ግን ይለያያል። ልዩነቱ ያለው ቀዩ መለያ በተንጠለጠለበት ቀን ላይ ነው።»

«ምናልባት ውሃው ዕጢውን ባያጠፋም ሰውነት እንዲችለው ያግዛል ማለት ነው» አለች ዶክተሯ። ድምፅዋ ውስጥ ተስፋው ይሰማል።

የጨበጠችኝ እጅ ላላ። ዘወር ብዬ ሳያት ፊቷ ደም የሚባል አልቀረበትም። ሰዎች እየተቃቀፉ ነበር፣ አንዱ መጥቶ እሷንም ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ተነሥታ ወጣች፣ ተከተልኳት። የኔ ማጠቢያ ክፍል ገብታ የጠርሙስ ሣጥን ገልብጣ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረችኝ። ጭራ ቆራጣውን፣ ውሃውን፣ የእህቷን ቀጠሮ፣ ቀዩን መለያ። እያወራች እጇን ጋዋኗ ላይ ታብሳለች፣ ደጋግማ ታብሳለች።

እኔ ምላሴ ቶሎ የሚፈታ ሰው ነኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ዝም በይ!» አልኳት። «ማን አየሽ? ሕዝቡ ሁሉ ደስ ብሎታል፣ ዶክተሯ ደስ ብሏታል። ሥራሽን ልታጪ ነው?»

«ዝም ካልኩ እታለም መቼም ሆስፒታል አትሄድም» አለች። «ይኸው ተረጋገጠልኝ ብላ ትቀመጣለች። ነገ ደግሞ ይህ ውሃ ያድናል ተብሎ ሲወራ የሌላዋም እህት ቤቷ ትቀራለች። አይጦቹን ያቆየሁት እኔ ነኝ። ውሃው ያቆያቸው ይሁን አይሁን አላውቅም።»

እጇን ይዤ አስነሣኋት። «በይ፣ አብሬሽ ነኝ» አልኳት።

ዶክተሯ ቢሮዋ ውስጥ ቆማ ዳቦ እየበላች ነበር። የአይጦች እናት በሩ ላይ ቆማ፣ እኔ ከኋላዋ ቆሜ፣ የአይጦቹን ነገር ከራሱ እስከ ጭራው አወጣችው። ዳቦው በዶክተሯ እጅ ላይ እንዳለ ቀረ።

«የትኞቹን ነው ያዘገዩት?»

«ከጭራ ቆራጣው ወዲህ ያሉትን ሁሉ።»

«ሆን ብለው?»

«ሆን ብዬስ አይደለም፣ ዶክተር። አዝኜ ነው። ለሰማያዊዎቹም አዝኜ ነው የማፈጥነው፣ ለቢጫዎቹም አዝኜ ነው የማዘገየው።»

ዶክተሯ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። ትጮሃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ብትጮህ ይሻል ነበር። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ ስትቀመጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ታዲያ ውሃው ይሠራል ወይስ አይሠራም?» አለች የአይጦች እናት። ይህን ስትጠይቅ አሳዘነችኝ፣ አሁንም ትንሽ ተስፋ ነበራት።

«አላውቅም። ከዚህ ሥራ ምንም ማወቅ አንችልም። እንደገና ከሥሩ መጀመር ነው።» ዶክተሯ ቀና አለች። «ቆይ፣ ለምንድን ነው ቢጫዎቹ እንዲኖሩ የፈለጉት?»

የእህቷን ነገር ያን ጊዜ ነገረቻት። ዶክተሯ ከወንበሯ ብድግ አለች። ለምርምሯ ያልጮኸችው ሴት አሁን ጮኸች። «ዕጢ ያለባትን ሴት በውሃ አስቀምጠዋታል? በዚህ ውሃ የሚያምኑ ተመራማሪዎች እንኳ ከሕክምናው ጎን ነው የሚሞክሩት እንጂ ሕክምናውን ተዉ አይሉም! ይሂዱ፣ አሁኑኑ ይሂዱ!»

ለአዲሱ ምርምር ሌላ ሰው ተቀጠረ። እሷ ወደ እኔ ክፍል ተዛውራ አብራኝ ጠርሙስ ታጥባለች፤ በመስኮቱ እጇን ማሾለክ እንኳ አይፈቀድላትም። ይህ ግን በኋላ የሆነ ነው። የዚያን ዕለት በቀጥታ ወደ ቤቷ ሄደች፣ እኔም አብሬያት ሄድኩ። ወሬ ፈልጌ እንዳይመስላችሁ፤ እሺ፣ ትንሽ ፈልጌም ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን መንገድ ላይ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ነው።

ታላቅየዋ መኪናዋ ላይ ነበረች። የልጅ ዩኒፎርም እጅጌ እየገጠመች ነው። ጨርቁን በቀኝ እጇ ብቻ ትገፋለች፤ ግራ ክንዷን ከጎኗ አጣብቃ ይዛዋለች። አጠገቧ ያ የፕላስቲክ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ ተጠጥቶ ተቀምጧል። «እንዴ፣ ዛሬ እንግዳ አመጣሽልኝ!» ብላ ልትነሣ ስትል ሚጡዬ ወለሉ ላይ ጉልበቷ ሥር ተቀመጠች።

«እታለም፣ ውሃው መድኃኒት ነው ያልኩሽ ውሸት ነው።»

ታላቅየዋ የስፌት መኪናዋን አላቆመችም። ታናሽየዋ ስታወራ እሷ መስፋቷን ቀጠለች፣ እጅጌው አለቀ፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ከዚያ ጨርቁን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«አይሠራም ማለት ነው?»

«አይታወቅም። እንዳይታወቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ። አይጦቹን ያስታመምኳቸው እኔ፣ ያዘገየኋቸው እኔ። አንቺን ደግሞ ከቀጠሮሽ ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ፣ እታለም።»

ታላቅየዋ ጠርሙሱን አንሥታ ክዳኑን ገጠመችው። አሁን ትቆጣለች አልኩ በልቤ። እኔ ብሆን ጠርሙሱን ነበር የምወረውረው።

«እኔም ዋሽቼሻለሁ» አለች በመጨረሻ።

«ምን?»

«ለስልሶ አያውቅም። አንድ ቀን እንኳ ለስልሶ አያውቅም።»

ሚጡዬ ቀና ብላ አየቻት።

«የመጀመሪያውን ብርጭቆ ስትሰጪኝ ፊትሽን አየሁት» አለች ታላቅየዋ። «ከታመምኩ ወዲህ እንዲህ ያለ ፊት አላየሁብሽም ነበር። በሳምንቱ እንዴት ሆነልሽ ስትዪኝ ለሰለሰ አልኩሽ። ምን ነበረበት፣ ቢላዋውንም አራቀልኝ፣ አንቺም ደስ አለሽ። ቀጥሎ ደግሞ ጎደለ አልኩሽ። ከዚያ ወዲያ በምን አፌ ልመልሰው?»

«እኔ እኮ ያመንኩት አንቺ ለሰለሰ ስላልሽኝ ነው!» አለች ሚጡዬ። «አይጦቹን ነገ ይሻላቸዋል እያልኩ የማቆያቸው፣ ያንቺ ለስልሷል ብዬ ነው!»

«እኔ ደግሞ አይጦቹ እየዳኑ ነው ስትዪኝ፣ ምናልባት የኔም ነገ ይለሰልስ ይሆናል እል ነበር።»

የሸሚዟን ቁልፍ ፈታች። እኔ እንግዳ ነኝ ብዬ ፊቴን ላዞር ነበር፣ አልቻልኩም። ቆዳው ወደ ውስጥ ተሸብሽቧል፣ እብጠቱ የሚጡዬን ትንሽ ጡጫ ያህላል። የአይጦች እናት፣ ስንቱን ዕጢ በጣቷ የዳሰሰች ሴት፣ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። እኔ ማን ላይ ልናደድ? ታላቅየዋ ታናሿ እንዳትከፋ ብላ ዋሸች፣ ታናሽየዋ ታላቋ እንዳትሞትባት ብላ ሳታውቀው ዋሸች፣ በዚህ መሐል ዕጢው ሥራውን ይሠራ ነበር። አለቀስኩ። ከሦስታችን ቀድሜ ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ ከሰው ሁሉ ጋር እየተላከፍኩ የምውለው ሴት።

በማግሥቱ ሦስታችንም ሆስፒታል ሄድን። ያው የመጀመሪያው ሐኪም ነው። ታላቅየዋን አጋድሞ ጡቷን ዳሰሰ፣ ብብቷን ዳሰሰ፣ ብብቷ ላይ ጣቱ ቆየ። እጁን ሲታጠብ ጀርባውን ሰጥቶን ነበር።

«ብብት ውስጥ ገብቷል» አለ። «ያኔ ቢሆን አውጥተነው እናርፍ ነበር። አሁን መጀመሪያ መድኃኒት፣ ከዚያ ቀዶ ጥገና፣ ከዚያ ደግሞ የሚሆነውን እናያለን።» ዞር አለ፤ ተቆጥቷል። «ቀጠሮ ሰጥተንዎታል፣ ነርስ ደውላልዎታለች። ለምንድን ነው ይህን ያህል የቆዩት?»

ሚጡዬ አፏን ከፈተች። «ዶክተር፣ እኔ ነኝ፣ እኔ...»

«ፈርቼ ነው» አለች ታላቅየዋ ከአፏ ነጥቃ። «ቢላዋ ፈርቼ ነው፣ ዶክተር። እሷማ ሂጂ እያለች ስትለምነኝ ነበር።»

«እታለም፣ አይደለም...»

ታላቅየዋ በደህናው እጇ የእህቷን እጅ ያዘችና ጠበቅ አደረገችው። ሐኪሙ ቁጣውን ቀጠለ። ዕድሜዋ የበሰለ ሰው እንዴት እንዲህ እንደምታደርግ፣ ስንቱ ሰው በዚህ መንገድ እንደሚጠፋ፣ አንድ በአንድ ነገራት። እሷም የሚጡዬን እጅ ሳትለቅ «ልክ ነዎት፣ የኔ ጥፋት ነው» እያለች እስኪጨርስ ሰማችው።